ኡሙ አይመን፤ የቲሙን ነቢይ ያሳደገች ሐበሻዊት

 

በወረታና በፎገራ ሜዳ የምንኖር ሰዎች አስታማሚ ማን እንደሆነች በደንብ እናውቃለን። ክረምቱ ወጥቶ የርብና የጉማራ ውኃ ከሜዳው ሲሸሽ ወባ ይነሣል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ የካላዛር ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ደግሞ በሽተኛው በየቀኑ መርፌ እየተወጋ ሳምንታት መተኛት ነበረበት። ሐኪሙ መድኃኒቱን ይሰጣል። ውኃ የምታቀርበው፣ ላቡን የምትጠርገው፣ ልብሱን የምታጥበው፣ ሌሊቱን ከአልጋው ሥር ነጠላዋን ለብሳ የምታድረው ግን አስታማሚዋ ናት። እናት ትሆናለች፤ እህት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ትሆናለች። በሽተኛው ድኖ ሲወጣ ሐኪሙ ይመሰገናል። የእርሷን ስም የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

ዛሬ ታሪኳን የማወሳላችሁ እንዲህ ያለች ሴት ናት። ሀብት አልነበራትም፤ ዘመድና ጎሣም አልነበራትም። ከእኛው ምድር የተገኘች ሐበሻዊት ስትሆን፣ በእስልምና ታሪክ የቲምን በማሳደግና ቁስለኛን በማስታመም ከቀደሙት ሴቶች አንዷ ናት። እርሷም ኡሙ አይመን (ረዲየላሁ ዐንሃ) ናት።

ከአባት የተወረሰች ሞግዚት

የመጀመሪያ ስሟ በረካ ነው፤ የሠዕለባ ልጅ። በመካ ከተማ በነቢዩ አባት በዐብደላህ ኢብን ዐብዱልሙጠሊብ ቤት በባርነት ታገለግል ነበር። ዐብደላህ ለንግድ ወጥተው ሲመለሱ የስሪብ ላይ ታመው ሞቱ። ገና ላልተወለደው ልጃቸው የተውት ሀብት አምስት ግመሎች፣ ጥቂት መንጋና ይህች ሐበሻዊት ነበሩ።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እ.ኤ.አ. በ570 ገደማ፣ የዝሆኑ ዓመት ተብሎ በሚታወቀው ዘመን ተወለዱ። ያ ዓመት ሐበሻዊው አብረሃ ዝሆን አስከትሎ ካዕባን ለማፍረስ ከየመን የተነሣበት ዓመት ነው። አላህ ያንን ጦር መልሶታል። ከዚያው ከሐበሻ ወገን የሆነች አንዲት ሴት ግን በዚያው ዘመን መካ ውስጥ የቲሙን ሕፃን ለማቀፍ ተዘጋጅታ ነበር። የአንድ ሕዝብ ስም በአንድ ሰው ጥፋት እንደማይለካ ከዚህ እንማራለን።

ሕፃኑ በሐሊማ ዘንድ በገጠር ቆይተው ወደ እናታቸው ወደ አሚና ተመለሱ። ስድስት ዓመት ሲሞላቸውም አሚና የባላቸውን ዘመዶች ለመጠየቅ ልጃቸውንና በረካን ይዘው ወደ የስሪብ ሄዱ። እዚያ አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። ሲመለሱ ግን አሚና በመንገድ ታመው አብዋእ በሚባል ስፍራ ሞቱ፤ እዚያው ተቀበሩ።

እዚህ ላይ እናቶች ቆም ብላችሁ አስቡት። በረሃ ነው። ጌታዋ ሞቷል፤ እመቤቷም አሁን ሞታለች። ከእርሷ ጋር የቀረው በስድስት ዓመቱ እናቱም አባቱም የሌሉት ልጅ ነው። ዘመድ በአጠገቧ የለም። ልጁን በግመል ላይ አስቀምጣ፣ አባብላና ጠብቃ መካ አደረሰችው፤ ለአያቱ ለዐብዱልሙጠሊብም አስረከበችው። ጠባቂው አላህ ነው፤ ሰበብ አድርጎ የመረጠው ግን የዚህችን ሐበሻዊት ክንድ ነበር።

አደራዋን አስረክባ ዘወር አላለችም። አያታቸው ሲያሳድጓቸው ሞግዚቷ እርሷ ነበረች። ከሁለት ዓመት በኋላ አያታቸውም ሲሞቱ፣ አጎታቸው አቡ ጧሊብ ሲረከቧቸውም አብራ ነበረች። አሳዳጊዎች ተለዋወጡ፤ በረካ ግን አልተለወጠችም። አላህ በሱረቱ ዱሓ ነቢዩን የቲም ሆነው ሳሉ እንዳስጠጋቸው ያስታውሳቸዋል። ያ መጠጊያ በሰው መልክ ሲታይ አንዱ ገጽታው የኡሙ አይመን ነው።

ነፃነትና ትዳር

ነቢዩ በ25 ዓመታቸው ከኸዲጃ (ረ.ዐ) ጋር ሲጋቡ በረካን ነፃ አወጧት። ከዚያም የየስሪብ ሰው የነበረ ዑበይድ ኢብን ዘይድ አገባት፤ አይመን የተባለ ልጅም ወለደች። ኡሙ አይመን የተባለችው በእርሱ ነው። ባሏ ሲሞት ብቻዋን ቀረች።

በዚህ ጊዜ ዕድሜዋ ገፍቶ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የጀነት ሴት ማግባት የሚሻ ኡሙ አይመንን ያግባ የሚል መልእክት ለሶሓቦቻቸው ተናገሩ። ፈጥኖ የተነሣው እርሳቸው ያሳደጉት ዘይድ ኢብን ሓሪሣ ነበር። ከዚህ ትዳር ኡሳማ ተወለደ። ነቢዩ ኡሳማን እንደ ልጅ ልጆቻቸው ይወዱት ነበር።

ኡሙ አይመን ጥሪው እንደመጣ ቀድመው ከሰለሙት ወገን ናት። በሂጅራ ጊዜም ወደ መዲና ተሰደደች። ኢብን ሰዕድ እንዳሰፈረው በጉዞው ላይ ጾመኛ ነበረች፤ ውኃም አልነበራትም። ፀሐይ ስትጠልቅ ጥሙ ሊገድላት ሲደርስ ከሰማይ በነጭ ገመድ የተንጠለጠለ የውኃ ባልዲ ወርዶላት ጠጣች። ከዚያ በኋላ በጋ ላይ ስትጾም እንኳ ጥም ተሰምቷት አያውቅም ይላሉ። ይህ አላህ ለወዳጆቹ ከሚሰጠው ከራማ ነው።

ውኃ የያዘች እጅ

ያቺ ጥምን በራሷ ያወቀች ሴት በኋላ ለሌሎች ውኃ አቅራቢ ሆነች። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 625) በኡሑድ ዘመቻ ሙስሊሞች ክፉኛ ሲቆስሉ፣ ኡሙ አይመን ውኃ ተሸክማ በቁስለኞች መካከል ትመላለስ ነበር፤ ታጠጣለች፣ ቁስል ታክማለች። ያኔ ወጣት አልነበረችም። በ7ኛው ዓመትም ወደ ኸይበር ዘመቻ ከወጡት ሴቶች አንዷ ነበረች። ሩፈይዳ አል-አስለሚያ በመዲና መስጂድ ድንኳን ተክላ ቁስለኞችን ታክም እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ዛሬ ሕክምናና በጎ አድራጎት ብለን የምንጠራው ሥራ በእኛ ዲን የተጀመረው በእነዚህ ሴቶች እጅ ነው።

እኚህ ሴት ግን ዝም ብለው የሚሰጡ ብቻ አልነበሩም፤ ሐቃቸውንም ያውቁ ነበር። አንሷሮች ለነቢዩ ከሰጧቸው የተምር ዛፎች የአነስ ኢብን ማሊክ እናት የሰጡትን ነቢዩ ለኡሙ አይመን ሰጥተዋት ነበር። ከኸይበር በኋላ ስደተኞቹ ራሳቸውን ሲችሉ ስጦታው ለባለቤቶቹ እንዲመለስ ተወሰነ። ኡሙ አይመን ግን አልመልስም አለች፤ ልብሱን በአነስ አንገት ላይ አድርጋ ማለች። ነቢዩ አልተቆጧትም። ይህን ያህል ልስጥሽ እያሉ አባበሏት፤ እርሷ እምቢ ስትል እርሳቸው ሲጨምሩ፣ ዐሥር እጥፍ ወይም ወደዚያ የሚጠጋ እስኪሰጧት ድረስ ታገሷት። አሳዳጊያቸው ናትና ቁጣዋን እንደ ልጅ ተቀበሉት።

ዝያራ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኡሙ አይመንን ከእናታቸው በኋላ እንደ እናታቸው ይቆጥሯት ነበር። ይህን በአፍ ብቻ አልተውትም፤ ወደ ቤቷ እየሄዱ ይዘይሯት ነበር። አንድ ቀን ሲሄዱ የሚጠጣ አቀረበችላቸው። ጾመኛ ሆነው ይሁን ወይም ሳይፈልጉ ቀርተው፣ አልጠጡም። ኡሙ አይመንም እንደ ማንኛዋም እናት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተቆጣቻቸው። የዓለማት እዝነት የሆኑት ነቢይ ለአንዲት አሮጊት አሁንም ያልጠጣ ልጅ ነበሩ።

ይቀልዱም ነበር። አንድ ጊዜ የምትጫነው ግመል እንዲሰጧት ስትጠይቃቸው በግመል ልጅ ላይ እንደሚያስቀምጧት ነገሯት። ውርንጭላ ሊችለኝ አይችልም ብላ ተከራከረች። እርሳቸው የፈለጉት ግን ግመል ሁሉ የግመል ልጅ መሆኑን ነበር። ቀልዳቸውም እውነት ነበር።

ሌላም አለ። አንደበቷ ዐረብኛው አልገራላትም፤ ሰላምታ ስታቀርብ ቃሉ ይሳሳትባትና ትርጉሙን ይገለብጠው ነበር። ነቢዩም ሰላም የሚለውን ቃል ብቻ እንድትል ፈቀዱላት። ቁርኣን የሚቀሩ ልጆቻችን ይህን ይስሙ። አያቶቻችሁ ፋቲሓ ሲቀሩ ፊደሉ ከመኽረጁ ቢወጣ አትሳቁ። ምላሷ ያልተቃናላት ሐበሻዊት በነቢዩ ቤት ምን ያህል እንደተከበረች አስታውሱ።

8ኛው ዓመተ ሂጅራ ለኡሙ አይመን የሐዘን ዓመት ነበር። ባሏ ዘይድ በሙእታ ዘመቻ የጦር መሪ ሆኖ ሸሂድ ሆነ። በዚያው ዓመት የበኩር ልጇ አይመን በሑነይን ተገደለ። በ11ኛው ዓመት (እ.ኤ.አ. 632) ደግሞ ያሳደገቻቸው ነቢይ ከዚህ ዓለም ተለዩ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጇ ኡሳማ፣ ነቢዩ ራሳቸው የሾሙት የጦር አዛዥ ነበር፤ ታላላቅ ሶሓቦችም በእርሱ ሥር እንዲዘምቱ ታዘዋል። የሐበሻዊት ባሪያ ልጅ ያንን ሥልጣን ያገኘው በሰው ሁሉ እኩልነት በሚያምን ነቢይ ዘመን ስለነበረ ነው።

ከነቢዩ ሞት በኋላ ኸሊፋው አቡ በክር ዑመርን ይዘው ነቢዩ ያደርጉት እንደነበረው ኡሙ አይመንን ሊዘይሩ ሄዱ። ሲደርሱ አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለነቢዩ የተሻለ መሆኑን በመንገር ሊያጽናኗት ሞከሩ። እርሷም ያንን እንደምታውቅ፣ የምታለቅሰው ግን ከሰማይ ይወርድ የነበረው ወሕይ ስለተቋረጠ መሆኑን ነገረቻቸው። ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ ሀገር በሪዳ ተናውጦ የኸሊፋው ሥራ ከመቼውም የበዛ ነበር። እርሳቸው ግን ነቢዩን ያሳደገችውን ሴት ለመዘየር ጊዜ አላጡም።

የኡሙ አይመንን ሞት ከፊሎቹ ዑለማዎች ነቢዩ በሞቱ በአምስተኛው ወር ያደርጉታል፤ ሌሎቹ እስከ ዑሥማን ዘመን መጀመሪያ ያደርሱታል። አላህ መልካም ሥራዋን ይቀበላት።

እኛስ?

ይህን ታሪክ በኹጥባ ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። እኔው ራሴ ግን ሳልሠራበት የቀረሁበት ጊዜ አለ። በልጅነቴ ወባ ሲጥለኝ ሌሊቱን እርጥብ ጨርቅ በግንባሬ ላይ እየቀያየረች ያስታመመችኝ አክስቴ ነበረች። አድጌ፣ ተምሬ፣ ኢማም ከሆንኩ በኋላ በየረመዷኑ ዘካተል ፊጥር በልጆቼ እጅ እልክላት ነበር። እህሉ አንድም ዓመት አልቀረባትም። አንድ ረመዷን ግን ልጄ ሲመለስ፣ እህሉንስ ተቀብያለሁ፣ እርሱ መቼ ይመጣል ብላ መጠየቋን ነገረኝ። ከዒድ በኋላ እሄዳለሁ አልኩ። ዒድ ሳይደርስ ሞተች። ከጀናዛዋ ፊት ቆሜ አሰገድኩ፤ ሌላ ላደርግላት የምችለው ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ዛሬ የምላችሁን ከጸጸቴ ጋር ተቀበሉኝ። ዘካና ሰደቃ ግዴታና ታላቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው፤ የሚቋረጥ አይደለም። ነቢዩ ግን ለኡሙ አይመን የተምር ዛፍ ከሰጧት በኋላም ወደ ቤቷ መሄድ አልተዉም። ስጦታው ዝያራን አይተካም።

በየሰፈራችን የወንድሟን የቲሞች የምታሳድግ አክስት አለች። ሽባ የሆነች እናቷን የምታገላብጥ፣ ትዳሯን ያዘገየች ልጅ አለች። በጤና ጣቢያና በሆስፒታል አልጋ ሥር ሱሑሯን በውኃ ብቻ የምታሳልፍ አስታማሚ አለች። በቤታችንም ልጆቻችንን አዝላ የምታሳድግ፣ ደመወዟ ሲዘገይ የማትናገር የቤት ሠራተኛ አለች። በረካም በሰው ቤት የምታገለግል ሴት እንደነበረች አንርሳ።

በዚህ ረመዷን ከሚቀሩት ቀናት አንዱን ለእነዚህ እናድርግ። የኢፍጣሩን ምግብ በሰው እጅ ከመላክ ይልቅ ልጆቻችንን አስከትለን ይዘንላቸው እንሂድ፤ አብረናቸው እናፍጥር። ለአስታማሚዋ ለአንድ ሌሊት ተተክተን እንቅልፍ እንስጣት። የሠራተኛዋን ደመወዝ ከዒድ በፊት በእጇ እናድርስ። ያሳደጉን በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ከተራዊሕ በኋላ ደጃቸውን እናንኳኳ፤ ከዒድ በኋላ አንበል።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ያሳደጉንን፣ ያስታመሙንን፣ በሕይወት ያሉትንም የሞቱትንም ይዘንላቸው። አሚን።