የዝሆኔን ምክንያት ከአፈር ያገኙት ሐኪም፦ ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ

የሳይንስ ሰዎች ታሪክ ሲነሣ ሁሉም ነገር ባሕር ማዶ የተደረገ ይመስለናል። ዛሬ የማወጋችሁ ሐኪም አገራቸው ብሪታንያ ነው፤ ስማቸውን ያስጠራው ሥራ ግን የተሠራው በእኛው ገበሬ እግር ላይ ነው።

ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ የአጥንት ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በሥጋ ደዌ በሽተኞች ውስጥ እግር ላይ ስለሚወጣው ቁስል ጥናት ጽፈዋል። ኋላ በኢትዮጵያ ሲሠሩ ሌላ ዓይነት እግር ገጠማቸው፤ ያበጠ፣ ቆዳው የሻከረ፣ ፈሳሽ የሚወጣው። ሰው ብዙ ጊዜ ከሥጋ ደዌ ጋር ያቀላቅለዋል እንጂ ሥጋ ደዌ አይደለም፤ ዝሆኔ ነው።

በሐኪሞች ዘንድ ዝሆኔ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው በትንኝ የሚተላለፈው ፊላሪያ የተባለ ትል ነበር። በደጋና በወይና ደጋ የሚኖሩት በሽተኞች ደም ሲመረመር ግን ትሉ የለም። ሕዝቡ ደግሞ የራሱን ምክንያት ይሰጣል፤ አንዱ እርግማን ነው ይላል፣ ሌላው ከዘር የመጣ ክፉ ዕጣ ነው ይላል። ዶክተሩ እግሩ የሚረግጠውን ተመለከቱ፤ አፈሩን!

ነገሩ እንዲገባን ስለ ሊምፍ ጥቂት እንበል። ልባችን ደም በገፋ ቁጥር ከቀጫጭኑ የደም ሥሮች ውሃማ ፈሳሽ ወደ ሥጋችን ይሾልካል። አብዛኛው ወደ ደም ሥሩ ይመለሳል፤ በቀን 3 ሊትር ገደማ የሚሆነው ግን ይቀራል። ይህን የሚሰበስቡት የሊምፍ ቧንቧዎች ናቸው። እንደ ልብ ያለ መግፊያ የላቸውም፤ ስንራመድ ጡንቻችን ይጨምቃቸዋል፣ በውስጣቸው ያሉት መዝጊያዎች ፈሳሹን ወደ ኋላ አያስመልሱም፤ በመጨረሻ ከአንገት በታች ካለው ትልቅ የደም ሥር ይገባል። በመንገዱ ላይ እንደ ማጥለያ የሚያገለግሉ እጢዎች አሉ። እንቅፋት መትቶን እግራችን ሲያመረቅዝ በብሽሽታችን ንፍፊት የሚወጣብን እኮ እነዚህ እጢዎች ከጀርም ጋር ሲታገሉ ነው። ታዲያ ቧንቧው ቢደፈን ፈሳሹ ወዴት ይሄዳል? እዚያው ይጠራቀማል፤ እግር ያብጣል።

ዶክተር ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሽታው የሚገኝበትን አገር ከከፍታው፣ ከዝናቡና ከአፈሩ ጋር አስተያዩ። የበዛው ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ ቦታ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ የሸክላ አፈር በባዶ እግር በሚረገጥበት ሆኖ ተገኘ። በሩዋንዳ፣ በቡሩንዲና በካሜሩንም አጠኑ። ቀጥሎ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ሰዎች የተወሰደ የሊምፍ እጢ በማይክሮስኮፕ ቢታይ ሲሊካና አሉሚኒየም ያለበት የአፈር ብናኝ ተገኘበት። ብናኙ በእግር ቆዳ ሰርጎ የሊምፉን ቧንቧ ያስቆጣል፤ ቧንቧው እየጠበበ ይደፈናል።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረ። በአንድ ማሳ በባዶ እግር ከሚያርሱት ሰዎች አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይተርፋል? ፕራይስ በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ እንደሚበዛ አይተው የዘር ተጋላጭነት ሳይኖር አይቀርም የሚል ጥናት እ.ኤ.አ. በ1972 አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የኢትዮጵያውያን የዘረመል ጥናትም ይህንኑ ደገፈ። እንግዲህ ሕዝቡ ዘር ነው ማለቱ ግማሽ እውነት ነበረው። ነገር ግን ዘር ብቻውን አያሳምምም፤ ተጋላጭ የሆነ ሰውም ከልጅነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ከበሽታው ይጠበቃል።

ዶክተሩ እ.ኤ.አ. በ1988 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ ብለው ሰየሙት፤ እግርና አቧራ ከሚሉት የግሪክ ቃላት የወጣ ስም ነው። መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። እሳቸው ካለፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ሥራቸው ግን ቆይቶ ነው ጆሮ ያገኘው። የዓለም የጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ግምት በአገራችን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች በሽታው እንዳለባቸው ያሳያል።

ታዲያ ይህ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ምናችን ነው? የወሎ ደጋ ድንጋይም ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። ነገ ከወረኢሉ እስከ መካነ ሰላም በምንመደብበት ትምህርት ቤት በባዶ እግሩ አቀበቱን ወጥቶ የሚመጣ ልጅ ይገጥመናል። እግሩን በሳሙና ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ጫማ እንዲያደርግ የምንነግረው እኛ ነን። ወላጁ በዝሆኔ የታመመ ልጅም ጓደኞቹ ሸሽተውት ለብቻው ተቀምጦ እናይ ይሆናል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍማ! ይህን ለክፍሉ ሁሉ በሊምፉ ሥዕል አስረድተን ልጁን ከመሀል እናስቀምጠው። ወላጁንም ወደ ጤና ጣቢያ እንምራ፤ በጊዜ የተያዘ እግር እብጠቱ ይቀንሳልና።