ሊንከን ሦስት ወር በቫንዳሊያ

አብርሃም ሊንከን ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን ፂሙ፣ ረጅሙ ባርኔጣውና ፕሬዚዳንትነቱ ነው። እኔም እንደዛው ነበርኩ። ከዚያ በፊት ለስምንት ዓመት የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት አባል እንደነበረ ያወቅኩት በቅርቡ ነው። (ፂምም ያኔ አልነበረውም።) አንቱታውን ለፕሬዚዳንትነቱ ዘመን ላቆይለትና ወጣቱን ሊንከን «እሱ» እያልኩ ልቀጥል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1809 ኬንታኪ ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርት ቤት የቆየበት ጊዜ ቢደማመር አንድ ዓመት አይሞላም። ኒው ሳሌም በምትባል መንደር ሱቅ ከፍቶ ከሰረ፣ የፖስታ ሹም ሆነ፣ መሬት ለካ። በ1832 ለምክር ቤት ተወዳድሮ ወደቀ። የሚገርመው ግን መንደሩ ውስጥ ከተሰጡት 300 ድምፆች 277ቱ የእሱ ነበሩ፤ ችግሩ ከመንደሩ ውጪ ማን ያውቀዋል? በ1834 ቀናው። ለስብሰባው የሚለብሰው ደህና ልብስ ስላልነበረው 200 ዶላር ተበድሮ 60 ዶላር ያህሉን ሱፍ ገዛበት።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ሁለተኛው ዘመኑ ነው፤ ከዲሴምበር 1836 እስከ ማርች 1837 የተካሄደው ጉባኤ። ቦታው በወቅቱ ዋና ከተማ የነበረችው ቫንዳሊያ ናት። የከተማዋ ሰዎች ዋና ከተማነቱ እንዳያመልጣቸው ብለው በጥድፊያ አዲስ ምክር ቤት ገንብተው ነበር፤ ጉባኤው ሲጀመር ልስኑ እንኳ በቅጡ አልደረቀም።

የሳንጋሞን አውራጃ ተወካዮች ሁለት ሴናተሮችና ሰባት የታችኛው ምክር ቤት አባላት ነበሩ። አማካይ ቁመታቸው ስድስት ጫማ ገደማ ስለነበር «ዘጠኙ ረጃጅሞች» ተባሉ። 1 ሜትር ከ93 የሚረዝመው ሊንከን መሪያቸው ሆነ። ይዘዋት የመጡት ጉዳይ አንዲት ናት፦ ዋና ከተማው ወደ እነሱ ስፕሪንግፊልድ ይዛወር።

በዚያው ጊዜ ምክር ቤቱን አንድ ትልቅ ሕልም ይዞት ነበር። ግዛቱ 10 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ ከ1300 ማይል በላይ የባቡር ሐዲድ ይዘርጋ፣ ወንዞችንም ይጥረግ ተባለ። ሐዲድ የማይደርሳቸው አውራጃዎች እንዳይከፋቸው 200 ሺህ ዶላር ተመደበላቸው። ሕዝቡ በ1840 ሲቆጠር እንኳ ግማሽ ሚሊዮን ያልሞላ ግዛት! ሊንከን ዕቅዱን አጥብቆ ደገፈ።

ረጃጅሞቹ ለሐዲዱ ድምፅ እየሰጡ ለስፕሪንግፊልድ ድምፅ ሰበሰቡ፣ ማለትም እከክልኝ ልከክልህ ነበር የሚለው ወሬ ለብዙ ዘመን ተወርቷል። ከጋዜጣ ባለቤትነት ተነስቶ የኢሊኖይ ምክር ቤት አባል፣ ኋላም ሴናተር የሆነው ፖል ሳይመን ግን በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ማስረጃው ስስ ነው ሲል ተከራክሯል። ያም ሆነ ይህ፣ የዝውውሩ ረቂቅ በአንድ ድምፅ ብልጫ ወደ ጎን ተገፍቶ ሞተ ሲባል ሊንከንና ጓደኞቹ ሰው ለምነው አስነሱት። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1837 በአራተኛው ዙር ስፕሪንግፊልድ አሸነፈች።

ታዲያ እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ጃንዋሪ 20 ቀን ምክር ቤቱ የባርነት ተቃዋሚ ማኅበራትን የሚያወግዝ፣ የደቡቦቹን ባሪያ የመያዝ መብት የሚያከብር ውሳኔ አቅርቦ ነበር። 77 ደገፉ፣ 6 ተቃወሙ። ሊንከን ከስድስቱ አንዱ ነው። ግን ምክንያቱን በጽሑፍ ሳያስመዘግብ ስድስት ሳምንት ቆየ። ማርች 3 ቀን፣ ማለትም ስፕሪንግፊልድ ከተመረጠች ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዳን ስቶን ጋር ሆኖ ተቃውሞውን በምክር ቤቱ መዝገብ አሰፈረ። ሌላ የፈረመ አልነበረም።

ለምን ቆየ? የከተማዋን ድምፅ እንዳያጣ ነው የሚሉ አሉ። እኔም ቀኖቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ሌላ መልስ አልታየኝም። ያኔ በረንዳው ላይ የቆምኩ ጋዜጠኛ ብሆን ይህንኑ እጠይቀው ነበር። ጽሑፉም ቢሆን ጠንቃቃ ነው። ባርነት ከግፍና ከመጥፎ ፖሊሲ የተነሳ ነው ይላል፤ ግን ባርነት ይሻር የሚለው ቅስቀሳ ጉዳቱን ያብሰዋል ብሎም ይጨምራል። ዛሬ ሲነበብ ያንሳል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ግን እዚያው ኢሊኖይ፣ አልተን ከተማ፣ የባርነት ተቃዋሚው ጋዜጠኛ ኢላይጃ ላቭጆይ ማተሚያውን ሲከላከል በሕዝብ ረብሻ ተገደለ። ሁለቱ ሰዎች የፈረሙት እንዲህ ባለ አገር ነው።

ሐዲዱ እንዳልሆነ ሆነ። በ1837 የገንዘብ ቀውስ መጣ፣ በ1842 ግዛቱ የዕዳውን ወለድ መክፈል አቅቶት ነበር። ተሠርቶ ያለቀው ቁራጭ መስመር በ1847 በጨረታ 21 ሺህ ዶላር ገደማ አወጣ። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በ1880ዎቹ ነው።

ሊንከን ራሱ በኤፕሪል 1837 በውሰት ፈረስ ስፕሪንግፊልድ ገብቶ ጥብቅና ጀመረ። በ1860 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ስለ ሕይወቱ አጭር ጽሑፍ ተጠይቆ ሲያዘጋጅ ያችን የሁለት ሰው ተቃውሞ አስገባት፤ በባርነት ጉዳይ አቋሙ ከዚያ ወዲህ እንዳልተለወጠም ገለጸ።