በጥርሱ ላይ ሕይወት ያየው ጨርቅ ነጋዴ

ዐፄ ፋሲል ዘውድ በጫኑበት በ1632 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) በሆላንድ አገር፣ ደልፍት በምትባል ከተማ፣ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የተባለ የቅርጫት ሠሪ ልጅ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞቱ አምስተርዳም ሄዶ የጨርቅ ንግድ ተማረ፤ ተመልሶም በደልፍት ሱቅ ከፈተ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ላቲንም አያውቅም ነበር። ይህን በተለይ ለእኛ ለአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስንል እናነሣዋለን።

ጨርቅ ነጋዴ የፈትሉን ጥራት በአጉሊ መነጽር ያያል። እርሱ ግን ጥቃቅን መስተዋት እየሞረደ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው መሣሪያ ሠራ፤ ዋናውን ምስጢር ለማንም ሳይገልጽ መኖሩ ግን አያስመሰግነውም። ያየውንም ከ1673 ጀምሮ በገዛ ቋንቋው እየጻፈ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ይልክ ነበር።

በመስከረም 1683፣ ጎንደር በቀዳማዊ ኢያሱ ዘመን ሳለች፣ ስለ ጥርሱ ጻፈ። በየማለዳው በጨው የሚያሸው ጥርስ ነው፤ ሆኖም በመካከሉ ሊጥ የመሰለ ነጭ ነገር አገኘ። በዝናብ ውሃ በጥብጦ ቢያየው ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች ይርመሰመሱበታል። ጥርሱን አጽድቶ ከማያውቅ ሽማግሌ የወሰደውማ የባሰ ነበር። ጥርሱን በሆምጣጤ ቢያጥብ የሞቱት በላይ ያሉት ብቻ ሆኑ፤ ሆምጣጤው ወደ ውስጥ አልዘለቀም። በ1692 ደግሞ ከፊት ጥርሱ ላይ ቢያጣቸው ትኩስ ቡና ገድሏቸው ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ከኋላ ጥርሶቹ ግን በሕይወት አገኛቸው። ቡና ወዳዱ የጎንደር ሰው በዚህ አይመካ!

እኛን የገረመን ሆምጣጤው ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው ምራቅ በጥርስም ሆነ ጥርስ በተሞላበት ነገር ላይ ስስ ሽፋን ያለብሳል። ባክቴሪያ በዚያ ሽፋን ላይ ይጣበቃል፤ ከምንልሰው ስኳርም ሙጫ እየሠራ ይደራረባል፤ ያ ሙጫ መድኃኒቱን ከውጭ ያስቀረዋል። ሙሌቱ ከ0.2 ማይክሮን በላይ ከሸከረ ደግሞ ብዙ ይይዛል፤ ሙሌትና ጥርስ የሚገጥሙበት ጠርዝማ ዋና መሸሸጊያው ነው። ከደባርቅ የመጣ አንድ ጓደኛችን ጥርሱን ባስሞላ ማግስት የወይራ መፋቂያውን ጣለ፤ ተሞልቷል፣ ከእንግዲህ ምን ያገኘዋል ብሎ። ዓመት ሳይሞላው በዚያው ጥርስ ሌሊቱን ሲያቃስት አብረነው አደርን፤ ሐኪሙን ሲያማ ግን ዝም አልነው።

ሌቨንሁክ በ1723 በ90 ዓመቱ ሞተ። 26 የብር መሣሪያዎች ለሮያል ሶሳይቲ አወረሰ፤ እነርሱም በኋላ ጠፍተው ቀሩ።