አባ ጎርጎርዮስ፥ የአንድ ካርታ መምህር

ካርታ በክፍል ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ስለ ሠሪው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ተማሪው ወንዙን በጣቱ ይከተላል፤ መምህሩ የአገሩንና የተራራውን ስም ያስጠናል፤ ወንዙን በወረቀት ላይ ያኖረው ማን እንደ ሆነ፥ ለዚያም ሰው ስለ ወንዙ የነገረው ማን እንደ ነበረ ሳይነሣ ደወሉ ይደወላል። ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1683 ዓ.ም. ያወጣው የኢትዮጵያ ካርታ ግን ስሙ የታወቀ መምህር ነበረው። እኚህም መምህር አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፥ በቤተ አማራ በመካነ ሥላሴ ነው። መካነ ሥላሴ ዐፄ ናዖድ ያስጀመሯት፥ ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሟት፥ በ1531 ዓ.ም. በግራኝ አሕመድ ጦር የተቃጠለች ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ስሟ ግን ከሕንጻው ጋር አልጠፋም፤ አባ ጎርጎርዮስም እስከ ዛሬ የሚታወቁት በዚሁ ስፍራ ስም ነው።

እርሳቸው በጎለመሱበት ዘመን አገራችን በሃይማኖት ክርክር ታወከች። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በመቀበላቸው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፥ በ1632 ዓ.ም. መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ። ዐፄ ፋሲለደስም የጥንቱን እምነት መልሰው የኢየሱሳውያንን ማኅበር ካህናት ከአገር አስወጡ። አባ ጎርጎርዮስ ከፓትርያርኩ ከአፎንሶ ሜንዴዝ ወገን ስለ ነበሩ በአገራቸው መቀመጥ አልቻሉም፤ ተሰደዱ፤ በመጨረሻም ሮማ ደረሱ።

በሮማ፥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ፥ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የሚጠራ የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቤት ነበረ። ቀደም ሲል አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 ዓ.ም. ያሳተሙት በዚሁ ቤት ተቀምጠው ነው። በ1649 ዓ.ም. ወደዚህ ቤት አንድ ወጣት ጀርመናዊ መጣ። ሉዶልፍ በ1624 ዓ.ም. በኤርፉርት የተወለደ ሲሆን፥ ግዕዝን ያለ መምህር፥ በጊዜው ከተገኙት ጥቂት የታተሙ መጻሕፍት ብቻ ተምሮ ነበር። ያነብባል እንጂ አይናገርም፤ ፊደሉን ያውቃል እንጂ ድምፁን በትክክል አልሰማም። ይህን የጎደለውን የሞሉለት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ከእርሳቸውም ግዕዙን አቀና፤ አማርኛንም ተማረ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1652 ዓ.ም. የጎታው መስፍን ኤርነስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግዛቱ አስጠራቸው። ይህ መስፍን ለእኛ ለመምህራን እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በ1642 ዓ.ም. የትምህርት ደንብ አውጥቶ፥ የገበሬ ልጆች ሳይቀሩ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ያደረገ ገዥ ነው። አባ ጎርጎርዮስም የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ወደ ጀርመን ወጡ፤ የዚያን ዓመት በጋ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት አሳለፉ። መስፍኑና ሊቃውንቱ ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን፥ ስለ መንግሥቱ ሥርዓት፥ ስለ አራዊቱና ስለ ወንዞቹ ይጠይቋቸዋል፤ እርሳቸው ይመልሳሉ፤ ሉዶልፍም ይጽፋል።

የዚህ ጥያቄና መልስ ጥቅም ምን ያህል እንደ ነበረ የሚታወቀው የዘመኑን ካርታዎች ስንመለከት ነው። በአምስተርዳም የብላው ማተሚያ ቤት የራይንንና የዳኑብን ወንዞች፥ በዳርና ዳር ካሉት ከተሞቻቸው ጋር፥ በመዳብ አስቀርጾ ያሳትም ነበር። እነዚያ ወንዞች በአውሮፓውያን ደጃፍ የሚያልፉ ስለ ሆኑ ስሕተቱን የሚያርም ሰው አይታጣም። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ግን ካርታ ሠሪው የጥንቱን የበጥሊሞስን ቃል ይዞ፥ አባይን ከምድር ወገብ ወዲያ፥ ከጨረቃ ተራሮች ግርጌ ከሚገኙ ሐይቆች ያመነጨዋል፤ የኢትዮጵያንም አውራጃዎች እስከዚያ ድረስ ይዘረጋቸዋል።

የመዳብ ቅርጽ ጠባይም ይህን ስሕተት ያጸናው ነበር። ቀራጩ ሥዕሉን ገልብጦ በሹል ብረት በሠሌዳው ላይ ይቀርጻል፤ ሠሌዳው ቀለም ተቀብቶ ሲጠረግ ቀለሙ በተቀረጸው መስመር ውስጥ ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በማተሚያው ይጨመቃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በሠሌዳው የገባ ስሕተት በመቶ በሚቆጠር ወረቀት ይባዛል፤ ሌላውም ቀራጭ ያንኑ አይቶ ይገለብጠዋል።

ሉዶልፍ ካርታውን የሠራው ከባዶ አይደለም። ፖርቱጋላዊው ባልታዛር ቴሌዝ በ1660 ዓ.ም. ያሳተመውንና ከኢየሱሳውያን የተገኘውን ካርታ መሠረት አድርጎ፥ ከአባ ጎርጎርዮስ በሰማው እያረመና እየጨመረ አቀናው። በዚህ ካርታ አባይ ከጎጃም ከሰከላ ይመነጫል፤ ወደ ጣና ይገባል፤ ከጣናም ወጥቶ ጎጃምን እንደ ቀለበት ይከባል። ኢትዮጵያም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በተገቢ ስፍራዋ ተቀመጠች። ካርታው ፍጹም ነው ለማለት አይቻልም፤ ርቀቱ በብዙ ስፍራ የተዛባ ነው። ነገር ግን አገራችንን በአፈ ታሪክ ሳይሆን በምስክር ቃል የሣለ ስለ ነበረ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ኖረ።

አባ ጎርጎርዮስ ይህን ሁሉ አላዩም። ከጎታ ወደ ሮማ ከተመለሱ በኋላ ከተማሪያቸው ጋር በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። በ1658 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሥተው ሲጓዙ፥ በሶርያ ጠረፍ በእስክንድሩን አጠገብ መርከባቸው ተሰብራ ሰጠሙ። የግዕዙ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፥ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፥ የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 ዓ.ም. የወጡት እርሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። ሉዶልፍ ግን ውለታቸውን አልካደም፤ በመጻሕፍቱ ስማቸውን እየጠራ መሰከረ፤ በ1691 ዓ.ም. ባወጣው የታሪኩ ማብራሪያም መልካቸውን አስቀርጾ አሳተመ።

አባ ጎርጎርዮስ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት አንድ ባዕድ ተማሪ ብቻ፥ መማሪያ መጽሐፋቸውም የገዛ ትዝታቸው ነበር። በየወረዳችን ያሉ ሽማግሌዎች ምንጩንና መሻገሪያውን፥ የጎጡንና የገደሉን ስም እንዲሁ በልባቸው ይዘዋል። ልጆች የግድግዳውን ካርታ ከማጥናታቸው አስቀድሞ፥ በትምህርት ቤታቸው አጠገብ ስለሚወርደው ወንዝ አያቶቻቸውን ጠይቀው በደብተራቸው እንዲሥሉት፥ ከሥዕሉም በታች የነገሯቸውን ሰዎች ስም እንዲጽፉ ብናደርግ፥ ሉዶልፍ ለመምህሩ የከፈለውን ውለታ መክፈልን ከልጅነታቸው ይለምዳሉ።