ማስረጃ ሳይቀርብበት የተሻረው የተንታው ልጅ፦ ልጅ ኢያሱ እና የኛ ስልክ

ባለፈው ዓመት አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። አንድ ፖለቲከኛ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ አንድ ሃይማኖት ተከታዮች የተናገረውን ሰማሁና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እንዳለ ርዕስ አድርጌ ለጠፍኩት። ከታች፣ መጨረሻው መስመር ላይ፣ ንግግሩ ማስረጃ እንዳልቀረበበት ጽፌ ነበር። ግን ማን እዚያ ድረስ ያነባል? ሰው ርዕሱን ብቻ ስክሪንሾት አንስቶ ተላላከው።

ማታ አክስቴ ከመካነ ሰላም ደወለችልኝ። ቅዳሜ የጎረቤት ሰርግ አለ። ጎረቤቶቿ ሙስሊም ናቸው፣ እሷ ክርስቲያን ናት። አንዱ ሲደግስ ሌላው ድንኳን ሲተክል የኖረ ሰፈር ነው። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እንሂድ ወይስ ይቅርብን?

ልጥፉን አጠፋሁት። ስክሪንሾቱ ግን አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ የአንድ የሀገራችን ልጅ ታሪክ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የልጅ ኢያሱ። ብዙዎቻችን ስሙን እናውቃለን፤ ሰለመ ተብሎ የተሻረው ንጉሥ በሚል። ይህችን አረፍተ ነገር ደግማችሁ እስቲ አንብቧት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ እስካሁን የምትዞረው የከሳሾቹ ቃል ናት።

የተንታው ልጅ

ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን፣ ከሳይንት ወዲያ፣ መቅደላና ተንታ አሉ። ኢያሱ የተወለደው ተንታ ላይ በ1887 ዓ.ም. ነው። እናቱ ወይዘሮ ሸዋረጋ የአፄ ምኒልክ ልጅ ናቸው። አባቱ የወሎው ራስ ሚካኤል ናቸው። ራስ ሚካኤል ደግሞ ሲወለዱ መሐመድ ዓሊ ነበሩ። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በአፄ ዮሐንስ ዘመን ተጠምቀው ነው ሚካኤል የተባሉት።

ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ባንድ ቤተሰብ ውስጥ መስጊድ የሚሄድም ቤተ ክርስቲያን የሚሄድም አለ። ለሌላ ሰው ግን ይህ የቤተሰብ ታሪክ ለክስ የተመቸ ነበር። ያኔ የተጠቀመበት አልነበረም እንጂ።

አፄ ምኒልክ በሕመም ሲዳከሙ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን አልጋ ወራሽ አድርገው አሳወጁ። ዕድሜው 14 ነበር። የሱን አልጋ የሚነካ የተረገመ ይሁን ብለውም ሕዝቡን አስማሉ። እንደራሴ የተደረጉት ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ሞቱ። ከዚያ በኋላ ልጁ በራሱ መንገድ መሄድ ጀመረ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ምኒልክ አረፉ። ሞታቸው ግን ተደበቀ። ዘውድ የጫነ ንጉሥ የለም፣ የሞተውም ሞተ አልተባለ። ሀገሬው ለዓመታት የኖረው በሹክሹክታ ነው። መንግሥት እውነቱን ሲይዝ ቦታውን ወሬ ይሞላዋል። ለኋላው ነገር መንገዱ የተጠረገው ያኔ ነው ብዬ አስባለሁ።

ሌባ ሻይን ያስቀረ

ኢያሱ ምን ዓይነት ገዢ ነበር? ቅዱስ አልነበረም። በ1904 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጊሚራ ዘምቶ እጅግ ብዙ ሰው በባርነት ተግዟል። አዲስ አበባ አይቀመጥም፤ ወራት ሙሉ ሐረርጌ፣ አፋርና ወሎ ሲዞር ይከርማል። የምኒልክን ዘመን ሹማምንት ይንቃቸው ነበር። በዚህ ሁሉ ሊከሰስ፣ ሊወቀስ፣ ከፈለጉም ሊሻር ይችል ነበር።

ሌላም ገጽ አለው። ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ የሚታሰሩበትን የቁራኛ ልማድ ለማሻሻል ተነሥቷል። ሌባ ሻይንም ያስቀረው እሱ ነው። ሌባ ሻይ ምንድነው ለምትሉ፦ ንብረት ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ራሱን ይስታል፣ ከዚያ እየተንገዳገደ ሲሄድ ሰው ይከተለዋል። የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። በቃ። ማስረጃ የለ፣ ምስክር የለ፣ ጥያቄ የለ።

ይህን ያስቀረው ሰው ራሱ በሌባ ሻይ ዓይነት ፍርድ መውደቁ ነው የሚገርመኝ።

ፎቶው፣ ባንዲራው፣ ወሬው

ኢያሱ ከሶማሌና ከአፋር መሪዎች ጋር ይወዳጃል፣ ከሙስሊም ባላባቶች ቤት ያገባል። የጅማው አባ ጅፋርም ልጃቸውን ድረውለታል። በጋብቻ መዛመድ ነገሥታቱ ሁሉ ያደረጉት ነገር ነው። እሱ ግን የሙስሊሙን ባላባት እንደ ሀገሩ ባለቤት ማቅረቡ ብዙዎችን አስደነገጠ።

ጊዜው ደግሞ አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ኢያሱ ወደ ጀርመንና ወደ ቱርክ ማዘንበሉ ታየ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ዙሪያችንን ቅኝ ግዛት ይዘዋል፤ ሶማሌ ላንድ፣ ጅቡቲ፣ ኤርትራ። እዚያ ያለው ሙስሊም እንዳይነሣባቸው ይሰጉ ነበር። ሸዋ ላይ ደግሞ መኳንንቱ ሥልጣናቸው እየሸሸ ነው። ራስ ተፈሪም በ1908 ዓ.ም. ክረምት ከሐረር ግዛታቸው ተነሥተው ካፋ ተሰጥቷቸዋል። ይህን የምጽፈው ክሱን ማን እንዳወራውና ምን እንደሚጠቀም አብራችሁ እንድታዩ ነው።

ከዚያ ወሬው መጣ። ለቱርክ ቆንስል ጨረቃ ያለበት ባንዲራ ሰጠ ተባለ። ዘሩን ከነቢዩ ይቆጥራል ተባለ። በሙስሊም ልብስ፣ በጥምጥም የሚታይባቸው ፎቶዎች ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ከፎቶዎቹ መካከል የተቀናበረ እንዳለበት ተጽፏል። ትክክለኛ የሆነውም ፎቶ ቢሆን የሚያሳየው አንድ ገዢ የሄደበትን ሀገር ልብስ መልበሱን ነው፤ ሃይማኖት መቀየሩን አይደለም። ፎቶው እውነት ሆኖ መግለጫው ውሸት ሊሆን ይችላል። ዛሬ በየቀኑ የምናየው ማታለያ ይኸው ነው።

እሺ፣ ሰልሞ ነበር? መስለሙን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልቀረበም። አዲስ አበባ ያላችሁ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን ሂዱና እዩት። ያን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ልጅ ኢያሱ ነው።

መስከረም 17

መስከረም 17 ቀን 1909፣ የመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱና ካህናቱ ግቢ ተሰበሰቡ። የክሱ ወረቀት ተነበበ። ዋናው ክስ መስለሙ ነው። የጊሚራው ባርነት አይደለም፣ ሥራ መበደሉም አይደለም። ለምን መሰላችሁ? በባርነቱ ብዙዎቹ ከሳሾችም እጃቸው አለበት። ሃይማኖት ግን ሕዝቡን ባንድ ቀን ያስነሣል።

ሕዝቡን ከምኒልክ መሐላ ሊፈቱ የሚችሉት ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ነበሩ። መጀመሪያ ማመንታታቸውና ማስረጃ መጠየቃቸው ይነገራል። ከዚያ ግፊቱ በረታና ፈቱ። ኢያሱ በሌለበት ተሻረ። ዕድሜው 21 ነበር። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ።

ያን ቀን ማስረጃው የታለ የሚለው ጥያቄ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ እላለሁ። ሬዲዮ የለም። ጋዜጣ ቢባል እንደ አእምሮ ያለ፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያየው ነው። ሰው የሰማው የተነበበለትን ነው። ሁለተኛ ወገን የሚጠይቅለት አልነበረም።

ዋጋውን ማን ከፈለ?

መጀመሪያ የከፈሉት ኢያሱን አይተውት የማያውቁ ሰዎች ናቸው። የሽረቱ ወሬ ሐረር ሲደርስ ከተማዋ ውስጥ ሙስሊሞች ተገደሉ። ምንም ያልፈረሙ፣ ምንም ያላነበቡ ሰዎች።

ቀጥሎ ወሎ። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ወረዱ። ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑልሰገድን ጦር ደመሰሱ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ግን ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ክሱ ከተነበበ ልክ አንድ ወሩ ነው። ባንዲት ቀን ከሁለቱም ወገን በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ከኛ ደጋ ዘማች ያልወጣበት ቤት ጥቂት ነው። ንጉሡ ተማርከው በሰንሰለት አዲስ አበባ ሰልፍ ላይ እንዲያልፉ ተደረገ። በ1910 መጨረሻ በእስር እንዳሉ ሞቱ።

ኢያሱ ለሰገሌ አልደረሰም። ወደ ተወለደበት ደጋ ተመልሶ መቅደላ አምባ ላይ ወጣ። ወራት ተከበበ። በ1909 ክረምት ሾልኮ አመለጠና አፋር በረሃ ገባ። ዓመታት ተንከራተተ። በጥር 1913 ትግራይ ውስጥ ተያዘ። ፍቼ ታሰረ። በ1924 አመለጠ፣ እንደገና ተያዘ፣ ወደ ሐረርጌ ጋራ ሙለታ ተወሰደ። ኅዳር 1928 ጣሊያን እየወረረን ሳለ እዚያው እስር ላይ ሞተ። አርባ ዓመቱ ነበር። አሟሟቱ እስካሁን ያከራክራል።

ጣሊያንም በስሙ መጠቀሙን አልተወም፤ እውነተኛው ንጉሥ ኢያሱ ነው የሚል በራሪ ወረቀት በአውሮፕላን መበተኑ ይነገራል። አንዴ የተለቀቀ ወሬ ጌታ አይመርጥም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተጻፈው የአሸናፊዎቹ ታሪክ ነው። የታሪክ ሰዎች ክሱን እንደ ክስ መርምረው መጻፍ የጀመሩት ዘግይተው ነው። እርማቱ ሲመጣ ሰገሌ የቀረው ሰው አጥንቱም አፈር ሆኗል።

እኛስ?

የኔ ስክሪንሾት ሰገሌ አይደለም። መንገዱ ግን ያው ነው። ሥልጣን ያለው ሰው ይናገራል፣ እኛ እንዳለ እናስተላልፋለን፣ ማስረጃ የሚጠይቀው ዘግይቶ ይመጣል። እሱ አለ እንጂ እኔ አላልኩም ማለት አያድንም። የክሱን ወረቀት ያነበበውም ሰው እኮ አንባቢ ብቻ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ገጽ ላይ አሠራር ለውጠናል። ፖለቲከኛው ያለው ውሸት ከሆነ ርዕሱ ላይ የሱን ቃል አናስቀምጥም። መጀመሪያ የሚታወቀውን እንጽፋለን፣ ቀጥሎ እሱ ምን እንዳለ ባጭሩ፣ ከዚያ ማስረጃ ጠይቀነው ምን እንደመለሰ። ስማቸው የተነሣባቸውን ሰዎች ሳንደውል አንለጥፍም። ፎቶ ሲመጣ መቼና የት እንደተነሣ ጎግል ላይ እንፈልጋለን። ያ ንግግር ማንን እንደሚጠቅምም እንጽፋለን።

ዝም ማለትንም አልመረጥንም። የምኒልክ ሞት ተደብቆ ያተረፈው ሹክሹክታ ነው። ጦር ወይም በጀት ያለው ሰው ሕዝብ ላይ ሲዋሽ ሕዝቡ ማወቅ አለበት፤ ግን እንደ ውሸት። ማንም የማያውቀው ሰው የቀባጠረውን ደግሞ እኛ አንስተን አናስተዋውቀውም።

ይህ የጋዜጠኛ ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚመለከተው ተናጋሪውን ብቻ ሳይሆን የሚያሰራጨውንም ነው፤ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ያለው ገጽ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ሕጉን ለጊዜው ተዉት። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት የአቡኑን የመጀመሪያ ጥያቄ ጠይቁ፦ ማስረጃው የታለ? መልስ ካልመጣ አትግፉት። እነሱ ያን ቀን ጥያቄውን ቶሎ ለቀቁት።

አክስቴ ሰርጉ ሄዳለች። ለክርስቲያን የተለየው ምግብ እንደ ወትሮው ለብቻው ተዘጋጅቶ ጠብቋቸዋል። ግን ድንኳኑ ውስጥ ከሌላው ጊዜ ያነሰ ሰው እንደነበር ነገረችኝ። እነማን እንደቀሩ አልጠየቅኳትም።

ጽሑፉ ላይ የተሳሳተ ቀን ወይም ስም ካገኛችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። እርማቱን ከታች ሳይሆን ከላይ እናደርገዋለን።