ካርል ሊኔዎስና የወረቀት ቁራጮቹ

በደብተራችን ብዙ ጊዜ የሚደርስብን ነገር አለ። ለአንድ ርእስ ሁለት ገጽ እንመድባለን፤ ትምህርቱ ግን ከዚያ ያልፍና የተረፈውን በመጨረሻው ገጽ ጽፈን ወደዚያ የሚያመለክት ቀስት እናደርጋለን። ለሌላው ርእስ የተውነው አራት ገጽ ደግሞ ባዶውን ይቀራል። የፈተና ሰሞን ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ የተበተነውን ስንፈልግ ሌሊቱ ይነጋብናል። በኮምፒዩተር የመረጃ ቋት የሚሠሩ መሐንዲሶችም ዛሬ ከዚሁ ችግር ጋር ይታገላሉ። ነገር ግን ኮምፒዩተር ከመታሰቡ በፊት ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ችግር ጋር ሲታገል የኖረ አንድ ሊቅ አለና ታሪኩን ልናቀርብላችሁ ወደድን። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ካርል ሊኔዎስ በ1707 በደቡብ ስዊድን፣ ሮስሁልት በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ቄስ ሲሆን አትክልት ወዳድ ነበርና ልጁም ዕፀዋትን እየወደደ አደገ። በሉንድ፣ ቀጥሎም በኡፕሳላ ሕክምናን ተማረ፤ በ1732 ወደ ላፕላንድ ተጉዞ ብዙ ነገር መዝግቦ ተመለሰ። በ1735 ወደ ሆላንድ ሄዶ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት ሲስቴማ ናቱሬ የተባለውን መጽሐፉን በላይደን አሳተመ። መጽሐፉም በትልልቅ ወረቀት የታተመ፣ ከአሥራ አምስት ገጽ የማይበልጥ ነበር። እንግዲህ ይህን መጠን ልብ በሉ፤ ዐሥረኛው እትም በ1758 መውጣት ሲጀምር የእንስሳቱ ክፍል ብቻ ከ800 ገጽ አልፏል።

ከ1741 ጀምሮ በኡፕሳላ የሕክምና ፕሮፌሰር ሆኖ ሲያስተምር ደቀ መዛሙርቱን ወደ ሩቅ አገር ይልክ ነበር። ካልም ወደ ሰሜን አሜሪካ፣ ቱንበርግ እስከ ጃፓን ደረሱ፤ ፎርስኮል በ1763 የመን ላይ ሞቶ ቀረ። እነዚህ ሰዎች ሕይወታቸውን ሰጥተው ያገኙት ዕውቀት ኡፕሳላ ሲደርስ የሚጻፍበት ቦታ ካጣ ወይም ከተጻፈ በኋላ ተፈልጎ ካልተገኘ ድካማቸው ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

ሊኔዎስ በመጀመሪያ እንደ እኛ በደብተሩ ለየርእሱ ቦታ ይመድብ ነበር። በኋላ ደግሞ የራሱን የታተመ መጽሐፍ በየገጹ መካከል ባዶ ወረቀት እያስገባ አስጠረዘና አዲሱን ነገር በባዶው ላይ ይጽፍ ጀመር። ይህ ዘዴ በኮምፒዩተርም አለ። የመረጃ ቋት እኩል በሆኑ ገጾች የተከፈለ ነው፤ አንድ መዝገብ ሲታረም ረዝሞ በገጹ አልበቃ ካለ መኪናው ወደ ሌላ ገጽ ያዛውረውና በነበረበት ቦታ ምልክት ይተዋል። ከዚያ በኋላ መዝገቡን ለማንበብ ሁለት ቦታ መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በየገጹ ጥቂት ባዶ ቦታ አስቀድሞ ይተዋል፤ ፖስትግሬስ በተባለው የመረጃ ቋት የማውጫው ገጾች ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠ በመጀመሪያ የሚሞሉት እስከ 90 በመቶ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ዕውቀት በሁሉም በኩል እኩል አያድግም፤ አንዱ ገጽ እስከ ጠርዙ ሲሞላ ሌላው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ዘዴው በስም ላይ ነበር። ቀድሞ የአንድ ተክል ስም ከሌሎቹ የሚለየውን ጠባይ ሁሉ የሚዘረዝር ረጅም የላቲን ሐረግ ስለ ነበረ፣ አዲስ ዘመድ በተገኘ ቍጥር ስሙም ይለወጥ ነበር። ሊኔዎስ በ1753 ወደ 6000 የሚጠጉ ዕፀዋትን በመዘገበበት በስፔሲዬስ ፕላንታሩም ለእያንዳንዱ ሁለት ቃል ብቻ ሰጠ። መግለጫው ቢታረምም ስሙ ከነበረበት አይነቃነቅም። ቡናችንን ኮፌያ አራቢካ ብሎ የዐረብ አደረገው፤ የበቀለበት ምድር ኢትዮጵያ መሆኑ ከታወቀ በኋላም ስሙ እንዳለ ነው። ቅር ቢለንም ስሙ ግን ሥራውን ይሠራል።

የደረቁ ዕፀዋትን በተመለከተ ሌሎች በመጽሐፍ ሲያስጠርዙ እርሱ እያንዳንዱን በተለየ ወረቀት ለጥፎ ሳያስጠርዝ በቁም ሣጥን ያኖር ነበር፤ በ1751 ባሳተመው መጽሐፉም ይህንኑ አስተማረ። የሚያስገርመን ይህን የሚያውቅ ሰው ለጽሑፉም እንደዚሁ ለማድረግ ብዙ ዓመት መቆየቱ ነው። ዕድሜው ስድሳ ሲደርስ፣ በ1767 ገደማ፣ ርዝመቱ 13፣ ወርዱ 8 ሳንቲሜትር ያህል በሆነ ቁራጭ ወረቀት ላይ ስለ አንድ ወገን ብቻ መጻፍ ጀመረ። አዲስ ነገር ሲመጣ አዲስ ቁራጭ በስፍራው ይገባል፤ ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ ቁራጮቹ ይዛወራሉ፤ አስቀድሞ የሚተው ባዶ ቦታም አያስፈልግም። ቤተ መጻሕፍት የካርድ ማውጫን በሰፊው የያዙት ከዚህ ብዙ ቆይተው ነው።

ይሁንና በዘዴው ለብዙ ጊዜ አልተጠቀመበትም። በ1774 በአንጎሉ ላይ ሕመም ወደቀበት፤ በመጨረሻም የራሱን ስም እንኳ ማስታወስ ተስኖት ነበር ይባላል። በጥር 1778 አረፈ። ልጁም በ1783 ሲሞት ቤተሰቡ መጻሕፍቱንና ስብስቡን ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ ለተባለ ወጣት እንግሊዛዊ የሕክምና ተማሪ በ1000 ጊኒ ሸጡት። ስሚዝ በ1788 በለንደን የሊኔዎስን ማኅበር መሠረተ፤ ከ1000 በላይ የሆኑት ቁራጮችም እስከ ዛሬ በዚያው ማኅበር ቤት ተቀምጠዋል።