አልብሬክት ዱረር እና የእንጨት ቅርጽ ሃይማኖታዊ ሥዕል በኑረምበርግ

አልብሬክት ዱረር (እ.ኤ.አ. 1471–1528) የተወለደው በኑረምበርግ ከተማ፣ ከሀንጋሪ በመጣ ወርቅ አንጥረኛ ቤት ነው። በዚያ ዘመን በጀርመን ከተሞች በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ በወረቀት የሚታተም ቅዱስ ሥዕል ርካሽ ሸቀጥ ነበር። ተሳላሚው ገዝቶ ከግድግዳው ወይም ከሣጥኑ ክዳን ውስጥ ይለጥፈዋል፤ የሠሪው ስም በአብዛኛው አይጻፍበትም፣ ጠያቂም አልነበረውም። የዱረር ሕይወት በተለይ ይህን ልማድ የነካ ነው።

በ1486 ለሙያ ትምህርት ወደ ሠዓሊው ሚካኤል ቮልገሙት ቤት ገባ። የቮልገሙት ቤት ሥዕሎቹን ያዘጋጀለት የኑረምበርግ ዜና መዋዕል በ1493 ሲታተም ከ1800 በላይ ሥዕሎች ነበሩት፤ የተቀረጹት ሰሌዳዎች ግን ከ650 አይበልጡም። አንዱ ፊት ለብዙ ነገሥታት፣ አንዱ ከተማ ለብዙ ከተሞች ያገለግል ነበር። አሳታሚው አንቶን ኮበርገር የዱረር የክርስትና አባት በመሆኑ፣ ወጣቱ የመጽሐፍ ንግድን ከቅርብ የማየት ዕድል ነበረው።

በ1498 ዱረር የዮሐንስን ራእይ በ15 ታላላቅ ሥዕሎች፣ በላቲንና በጀርመንኛ ራሱ አሳተመ። ጽሑፉ በሥዕሎቹ ጀርባ ሲውል፣ የስሙ ምልክት ግን በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ተቀረጸ። የመጽሐፉ ተፈላጊነት ብዙ ጊዜ ዓለም በ1500 ያልፋል ከሚለው ፍርሃት ጋር ይያያዛል፤ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት አይመስልም፤ የተፈራው ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1511፣ እንደ ገና ታትሟልና። ሚስቱ አግነስም ሥዕሎቹን እስከ ፍራንክፈርት ገበያ ወስዳ ትሸጥ ነበር።

በ1511 ኅትመቶቹ ዱረር በንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን ሥልጣን ቀጂዎችን አስጠነቀቀ። በ1512 መጀመሪያ አንድ የውጭ ሰው የዱረር ምልክት በሐሰት ያለባቸውን ሥዕሎች በኑረምበርግ ሲሸጥ ተገኘ። የከተማው ምክር ቤት ምልክቱን እንዲያጠፋ፣ እንቢ ካለም ሸቀጡ እንዲወረስ አዘዘ። የተከለከለው በስሙ መነገድ እንጂ ሥዕሉን መቅዳት አልነበረም።

ዱረር በሥዕል ንግድ ቢኖርም ንግዱ ሁሉ ደስ አላሰኘውም። በ1519 በሬገንስቡርግ አይሁድ ከተባረሩና ምኵራባቸው ከፈረሰ በኋላ፣ በስፍራው በእመቤታችን ስም ቤተ ጸሎት ተሠራ፤ ተሳላሚውም ጐረፈ። ሚካኤል ኦስተንዶርፈር ሕዝቡ በሐውልቷ ፊት ተዘርግቶ ሲወድቅ የሚያሳይ የእንጨት ቅርጽ ሥዕል ሠራ። ዱረር ከዚህ ኅትመት አንዱን አግኝቶ፣ ነገሩ መጽሐፍ ቅዱስን የሚቃረን ምትሐት እንደ ሆነና ጳጳሱም ለምድራዊ ጥቅም ሲል እንደ ተወው በ1523 በእጁ ጻፈበት። ማርያምን ማክበር ግን አልነቀፈም፤ ክብሯ በክርስቶስ እንዲሆን ጸለየ። ያ ኅትመት ዛሬ በኮቡርግ አምባ ይገኛል።